ሁዳዴን ሥራ እየሰራን ከነፀሎቱ እንዴት እንፁመው

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ወሬያችን ሁሉ ምግብ ነው። ቅበላ የት ነው፣ የፆም ኬክ የቱ ቤት ይጣፍጣል፣ ሱፍ ስንት ገባ እያልን ሰኞ ይደርስና እንጀምራለን፣ ከዛ 55ቱ ቀን ያልቅና ፋሲካ ይሆናል። ሥጋውንም ወተቱንም ቅቤውንም ትተናል፣ ፀሎታችን ግን ከሌላው ጊዜ ምንም አልጨመረም። እኔ ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ፆም ሲገባ ቁርስና ምሳ የምንበላበት ሰዓት ባዶ ይሆናል፣ ቤተክርስቲያን ያንን ሰዓት ነፃ ያደረገችልን እንድንፀልይበት ነው፣ እኛ ካልያዝነው ደሞ ስልካችን ይወስደዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምፅፈው ሥራ የሚሰራ፣ የሚማር፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ምግቡን በተወበት ሰዓት ፀሎት እንዴት እንደሚያስገባ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ነው የምፅፈው።

ሁዳዴ የሚገባበትን ቀን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የነነዌን ፆም ማየት ነው። ነነዌ ሰኞ ትገባለች፣ ሦስት ቀን ትፆማለች፣ እሷ ከገባችበት ሰኞ ልክ በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ አቢይ ፆም ማለትም ሁዳዴ ይገባል። በየዓመቱ ቀኑ ቢለዋወጥም ከየካቲት 1 ቀደም አይልም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ነነዌ ስትደርስ እንግዲህ ሁለት ሳምንት አላችሁ ማለት ነው፣ ዝግጅት የሚጀመረው ያኔ ነው እንጂ ቅበላ ማታ አይደለም።

በነዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ከሁሉ በፊት ንስሐ አባታችሁ ጋር ሂዱ ወይ ደውሉ። ብዙ ሰው ንስሐ አባቱን የሚፈልገው ፋሲካ ሲቃረብ ለመቁረብ ነው፣ ግን ፆም ከመግባቱ በፊት መነጋገሩ በጣም ይጠቅማል። እስከ ስንት ሰዓት ልፁም፣ ስግደት ስንት ልስገድ፣ ምን ምን ልፀልይ፣ የምወስደው መድኃኒት አለ ምን ላድርግ፣ ሥራዬ የሌሊት ነው ሰዓቱን እንዴት ልቁጠር ብላችሁ በግልፅ ጠይቁ። እነዚህን በራሳችን ስንወስን ወይ ከአቅማችን በላይ እንይዝና በሁለተኛው ሳምንት እንጥለዋለን ወይ ደሞ ለራሳችን እያዘንን እናሳንሰዋለን። አባት የሰጠንን ስንይዝ ግን መታዘዝም አብሮ አለ። ንስሐ አባት የሌላችሁ ሰዎች አትፈሩ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ደብር ሂዱና ከቅዳሴ በኋላ አንዱን ካህን አባቴ ንስሐ አባት የለኝም በሏቸው፣ በቃ ከዛ እሳቸው ይመሯችኋል።

ሁለተኛው የተጣላነው ሰው ነው። ማቴዎስ 5፥23 ላይ መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ነው የሚለው። ቂም ይዞ 55 ቀን መፆም እጅግ ከባድ ነው፣ አንደበት አቡነ ዘበሰማያት እያለ ልብ ግን ይቅር በለን የሚለው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ቢያንስ ደውሉ፣ ባያነሱ መልእክት ላኩ። ባለትዳሮች ደሞ ፆሙን ተነጋግራችሁ ነው መጀመር ያለባችሁ፣ ቅዱስ ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ላይ ለፀሎት ለመትጋት ተስማምታችሁ ነው የሚለው፣ አንዱ ብቻውን ወስኖ ሌላውን የሚያስከፋበት መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ቀኑ እንግባ። ቤተክርስቲያን ሰባት የፀሎት ጊዜ አላት፣ ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰርክ ማለትም አስራ አንድ ሰዓት፣ የመኝታ እና መንፈቀ ሌሊት። ክቡር ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ እንዳለው ነው። የኔ ምክር ግን ጀማሪ ከሆናችሁ ሰባቱንም ከመጀመሪያው ሰኞ አትያዙ፣ ሰባቱንም ልያዝ ብሎ በጉጉት የተነሳ ሰው አራተኛው ሳምንት መጻጉዕ ሳይደርስ ሁሉንም ሲተው አይቻለሁ። ነግህን፣ ስድስት ሰዓትንና የመኝታን ያዙ፣ እነዚህ ሦስቱ ምንም ቢመጣ የማይቀሩ ይሁኑ፣ ከዛ ሳምንት በገፋ ቁጥር ዘጠኝ ሰዓትን፣ ከዛ ሰርክን እያላችሁ ጨምሩ።

ነግህ። ከተለመደው ሰዓታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ተነሱ፣ ቁርስ የለም ስለዚህ የቁርሱ ሰዓት ሲደመር በቂ ጊዜ አላችሁ። ስልኩን አላርም ሞልታችሁ ከአልጋው ራቅ አድርጉት፣ አጥፍታችሁም ቴሌግራም ሳትከፍቱ ፊታችሁን ታጠቡ። ነጠላችሁን መስቀለኛ ለብሳችሁ ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ ቁሙ። በስመ አብ ብላችሁ አማትቡ፣ የዘወትር ፀሎቱን ከነ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል እና ፀሎተ ሃይማኖት አድርሱ፣ ቀጥሎ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ሰኞ ከሆነ የሰኞን ማክሰኞ ከሆነ የማክሰኞን። ሁሉም በአንዲት ትንሽዬ የፀሎት መጽሐፍ ውስጥ አለ፣ ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመውን ብትገዙ ይሻላል። ግዕዙ የማይገባችሁ ከሆነ በአማርኛ ፀልዩ፣ ምንም ችግር የለውም፣ ቀስ በቀስ ግዕዙም ይለመዳል። እዚህ ላይ መዝሙር 50ን ጨምሩ፣ በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 51 ነው የሚለው፣ አቤቱ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ የሚለው ማለት ነው፣ ለፆም ከዚህ የሚሻል መዝሙር የለም ብዬ አምናለሁ። መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ዝጉና በራሳችሁ ቃል ተናገሩ። የታመመ ሰው ስም ጥሩ፣ የሞቱትን አስቡ፣ ሀገራችሁን አስቡ፣ ዛሬ የሚያስፈራችሁን ነገር ንገሩት። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል ግን ልብ የሚከፈተው እዚህ ጋ ነው።

ዳዊት መድገም የምትፈልጉ ከሆነ አባቶች ለሳምንቱ ከፋፍለውታል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፣ እሁድ ደሞ ፀሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ለሰራተኛ ሰው በቀን 30 መዝሙር ይከብዳል፣ እሱ ካልሆነ አስር አስሩን እያላችሁ ሂዱ፣ አስሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፣ በታክሲ ወይ በባቡር ስትሄዱም በዝምታ ማንበብ ይቻላል።

ሦስት ሰዓት ሥራ የሚጦፍበት ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ረጅም አታድርጉት። ጌታ በጲላጦስ አደባባይ የቆመበት፣ ኋላም መንፈስ ቅዱስ ለሐዋርያት የወረደበት ሰዓት መሆኑን አስባችሁ ኮምፒውተራችሁ ፊት ቁጭ እንዳላችሁ በልባችሁ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ብሉ፣ በቂ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጌታችን የተሰቀለበት ሰዓት ነው፣ በአጋጣሚ ደሞ የምሳ ሰዓታችን ነው፣ የሥራ ባልደረቦቻችሁ ሲወጡ እናንተ ነፃ ናችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ከሆነ ከቢሮ በእግር የሚደረስ ቤተክርስቲያን አይጠፋም፣ በአቢይ ፆም ቅዳሴው በሥራ ቀናት ቀን ላይ ስለሆነ ቅዳሴውን እስከ መጨረሻ ባትቆሙ እንኳ ግቢው ውስጥ ገብታችሁ ተሳልማችሁ ወንጌል ሰምታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ቤተክርስቲያን የማይቀርብ ከሆነ ባዶ የስብሰባ ክፍል፣ መኪና ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ ካልሆነም ወንበራችሁ ላይ ሁኑ። አቡነ ዘበሰማያት፣ ከዛ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እያላችሁ በጣታችሁ ቁጠሩ፣ 12 ብትሉ 41 ብትሉ እንደ አቅማችሁ። ለምን አትበላም ብሎ ለሚጠይቃችሁ ፆም ነው በሉና እለፉ፣ ዝርዝር አያስፈልግም፣ ማቴዎስ 6 ላይ ስትጦሙ ፊታችሁን አታጠውልጉ ራሳችሁን ተቀቡ ፊታችሁን ታጠቡ የሚለው ለቢሮም ይሰራል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር፣ የምሳ ብሩን። በቀን ለምሳ የምታወጡትን ያህል ብር በየቀኑ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ፣ በቴሌብር የምትጠቀሙ ከሆነም ለብቻው አድርጉት። እሁድ ከቅዳሴ ስትወጡ ለነዳያን ወይ ሰፈራችሁ ውስጥ ለምታውቁት ለተቸገረ ሰው ስጡት። ኢሳይያስ 58 ላይ የተመረጠው ፆም እንጀራህን ለተራበ መቁረስ ነው ይላል፣ ፆመን ያተረፍነውን ብር መልሰን ለራሳችን ማታ ለፆም ፒዛ ካወጣነው የተራበው ሰው ከፆማችን ምንም አልደረሰውም። ይሄን ልማድ ቤታችሁ ውስጥ ልጆች እያዩት ብታደርጉት ደሞ ትልቅ ትምህርት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ጌታ ነፍሱን የሰጠበት ነው። ንስሐ አባታችሁ እስከ ዘጠኝ ፁሙ ያሏችሁ ከሆነ የዕለቱን ፆም የምትፈቱት እዚህ ላይ ነው፣ ከመብላታችሁ በፊት ቆማችሁ ፀልዩ፣ ረሃቡ ስለሚያጣድፍ ይሄኛው ፀሎት በቀላሉ ይረሳል። እስከ ማታ የሚፆሙም አሉ። ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት ማለትም ከሥጋ፣ ከወተትና ከመሳሰሉት እንከለከላለን እንጂ ከቅዳሴ በኋላ በሰዓት አይፆምም፣ ስግደትም የለም፣ ከቀዳም ስዑር ማለትም ከፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ በስተቀር።

የመኝታ ፀሎት ላይ የሚያሸንፈን ድካም ነው። ስለዚህ እራት እንደተበላ፣ አልጋ ውስጥ ሳትገቡ፣ ቤተሰብ ካለ ሁላችሁም አንድ ላይ ቆማችሁ አድርሱ። ልጆች አጭር ነገር ነው የሚችሉት፣ አባታችን ሆይና ሰላም ለኪ ብለው ይተኙ፣ ትልልቆቹ ቀጥሉ። ስግደትም ከዚህ በፊት እንጂ ከበሉ በኋላ ጥሩ አይደለም፣ ለዛ ነው ጠዋት የሚመረጠው። መንፈቀ ሌሊት ለበረቱት ነው፣ ጨቅላ ልጅ ያላችሁ እናቶች ግን በዛ ሰዓት ለማጥባት ትነሳላችሁ፣ ሕፃኑን ይዛችሁ አንድ ፀሎት ማድረስ ትችላላችሁ፣ እመቤታችንም እኮ ልጅ አጥብታለች።

ምግቡን በአጭሩ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል የለም፣ ዓሣንም በአቢይ ፆም አንበላም። ከሱፐርማርኬት የምትገዙት ብስኩትና ዳቦ ላይ ያለውን ፅሑፍ አንብቡ፣ የወተት ዱቄትና እንቁላል ብዙ ቦታ ይገባል። የዕለቱን ፆም ስትፈቱ ጨጓራችሁ ባዶ ስለሆነ በሳምቡሳና በተጠበሰ ነገር አትጀምሩ፣ ለብ ያለ አጃ ወይ ሾርባ ወይ ቴምር ቅደሙና ከዛ እንጀራው ይከተል። ውሃ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ አከፋፍላችሁ ጠጡ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ስልጆ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ጎመን እያፈራረቁ መብላት ነው፣ በየዓይነቱ እኮ ለዚህ በደንብ የታሰበ ምግብ ነው። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ ጨምቁበት፣ በውስጡ ያለውን አይረን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል፣ ቡናና ሻይ ደሞ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ ይሁን ምክንያቱም ይከለክለዋል። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት ስለማይገኝ ደም ማነስ ያለባችሁ ሰዎች ሐኪም አማክሩ።

ስኳር ያለበት ሰው፣ ኢንሱሊን የሚወጋ፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ እነዚህ ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ሳይነጋገሩ በሰዓት መፆም የለባቸውም። የቤተክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥቱ አንቀጽ 15 ስለ ፆም ሲደነግግ የታመመ ሰው እንዳለ አውቆ ነው፣ ቤተክርስቲያን ማንንም በረሃብ ልትጎዳ አይደለም የምታስፆመው። መድኃኒቱን ደብቆ የሚተው ሰው አለ፣ እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ፣ ከምግብ መፆም ያልቻለ ሰው ፀሎቱ፣ ምፅዋቱ፣ ከክፉ ወሬ መራቁ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው።

አረብ ሀገር ሰው ቤት የምትሰሩ እህቶቻችን ነገራችሁ ለየት ይላል። ኩሽናው የእናንተ አይደለም፣ ሥጋ ትሰራላችሁ፣ ሰዓት የላችሁም፣ አንዳንዷ ክፍል እንኳ የላትም። ሩዝ፣ ፉል፣ ሁሙስ፣ ዳቦ፣ ሰላጣና ቴምር የፆም ነው፣ በዛ መዋል ይቻላል። የቀረውን ግን፣ ቅመሺ ተብዬ ብገደድስ፣ ሥራው አቅሜን ቢጨርሰውስ የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ በስልክ ንገሯቸው፣ የሚሏችሁን አድርጉ። ፀሎት ደሞ ልብስ እየተኮሱም፣ ሳህን እያጠቡም በልብ ይደርሳል፣ በአፍ ለማድረስ የማይመች ቤት ብዙ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደሞ ቤተክርስቲያናችሁ የሚቀድሰው እሁድ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ የሚያቆማችሁ የቤት ፀሎታችሁ ነው።

ፆሙ ረጅም ስለሆነ መሐል ላይ ይደነዝዛል። እዚህ ላይ በጣም የሚረዳው እያንዳንዱን ሳምንት በራሱ ስምና በራሱ ወንጌል መያዝ ነው፣ እኔ ለሰው ሁሉ የምመክረው ይሄን ነው። ቅበላው እሁድ ዘወረደ ነው፣ ዮሐንስ 3 ከቁጥር 10 ጀምሮ። ሁለተኛው ቅድስት፣ ማቴዎስ 6 ከ16 ጀምሮ ስለ ፆሙ ራሱ። ሦስተኛው ምኩራብ፣ ዮሐንስ 2፣ ጌታ ቤተመቅደሱን ሲያጠራ፣ በዚህ ሳምንት ከቤታችንም ከስልካችንም መጥፋት ያለበትን ማጥፋት ጥሩ ነው። አራተኛው መጻጉዕ፣ ዮሐንስ 5፣ 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ፣ ይሄ ሳምንት ታማሚ መጠየቂያ ይሁን፣ ሆስፒታል የተኛ የምታውቁት ሰው አይጠፋም። አምስተኛው ደብረ ዘይት የፆሙ እኩሌታ ነው፣ ማቴዎስ 24 ስለ ዳግም ምፅአት። ስድስተኛው ገብር ኄር፣ ማቴዎስ 25፣ መክሊቱ። ሰባተኛው ኒቆዲሞስ፣ ዮሐንስ 3፣ በሌሊት እየመጣ የተማረው። ከዛ ሆሳዕና። እሁድ ቤተክርስቲያን ስትሄዱ ያው ወንጌል ይነበባል፣ ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ያንኑ ምዕራፍ ደግማችሁ አንብቡት፣ አንድ ቁጥር ይዛችሁ እደሩ። የተለያየ ስብከት በዩቲዩብ ከማሳደድ በጣም ይሻላል።

ስለ ስልክ ካነሳን፣ ቅዱስ ያሬድ ዓይንም ይፁም አንደበትም ይፁም ጆሮም ክፉ ከመስማት ይፁም ይላል። ቲክቶክ ላይ ሰው ሲሰዳደብ እያየን፣ አባቶችን እየተቸን፣ በኮመንት እየተጣላን የሚያልፍ ፆም በጣም ያሳዝናል። አፑን ለ55 ቀን ማጥፋት ትችላላችሁ፣ ካልቻላችሁ ቢያንስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትክፈቱት፣ ምግቡ በሚፈታበት ሰዓት ይፈታ።

ሕማማት ማለትም ከፋሲካ በፊት ያለው የመጨረሻው ሳምንት ሲገባ ሥርዓቱ ይለወጣል። ከሰኞ ጀምሮ በእጅ ሰላምታ መለዋወጥ የለም፣ መስቀል አንሳለምም፣ ፍትሐት ማለትም ለሞተ ሰው የሚደረገው ፀሎት አይደረግም፣ በየሰዓቱ ግብረ ሕማማት የሚባለው መጽሐፍ ይነበባል ይሰገዳል። ከቻላችሁ የዓመት ፈቃዳችሁን ለዚህ ሳምንት አስቀምጡት፣ ሁሉንም ካልተሰጣችሁ ሐሙስና ዓርብን ለምኑ። ሐሙስ ሕፅበተ እግር ማለትም እግር የማጠብ ሥርዓት አለ፣ ቤት ደሞ ጉልባን ይቀቀላል። ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ ስግደት ነው፣ ኪርያላይሶን ማለትም አቤቱ ማረን እየተባለ፣ ማታ ካህናት በወይራ ቅጠል እየነኩ ስግደት ያዛሉ። ሰፋ ያለ ልብስ ልበሱ፣ ለጉልበታችሁ የሚሆን ትንሽ ምንጣፍ ያዙ፣ ጉልበቱን ወይ ወገቡን የሚያመው ሰው ቆሞ ጎንበስ ይበል እንጂ እንደ ጎረቤቱ ልስገድ ብሎ አይጎዳ። ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማ ይታደላል፣ ራስ ላይ ይታሰራል፣ አክፍሎት የሚይዙ ሰዎች ከሐሙስ ወይ ከዓርብ ጀምረው እስከ ትንሣኤ ሌሊት ምንም ሳይቀምሱ ይቆያሉ፣ ይሄን ሳትለማመዱ በአንዴ አትግቡበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አባታችሁን ጠይቁ። ለመቁረብ የተዘጋጃችሁ ከሆነ 18 ሰዓት መፆም እንዳለ አትርሱ።

ሌሊት ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ቤት ስትገቡ ዶሮ ወጡ ላይ ወዲያው አትውደቁ፣ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ቅባት ያላየ ሆድ ነው። እናቶቻችን መጀመሪያ ተልባ የሚያጠጡን ለዚህ ነው፣ ትንሽ ተልባ ጠጡ፣ ጥቂት ቅመሱና ተኙ፣ ሲነጋ ይደርሳል። ከዛ ሃምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብም አይፆምም ስግደትም የለም፣ ፀሎቱ ግን አልተፈታም፣ የጠዋቱን አላርም አታጥፉት። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ባለው ሰኞ ደግሞ የሰኔ ፆም ይገባል።